በበራችን ላይ የተጻፈው አንድ

የፖሊዮ ጠብታ የሚሰጡት ሴቶች ቤት ለቤት ሲዞሩ የጨረሱትን ቤት በር ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ከላይ ጠብታውን የወሰዱ ልጆች ቁጥር፣ ከታች በቤቱ ያሉት ልጆች ቁጥር፣ መሐሉ ላይ አንድ ሰረዝ። ልጅ የሌለበት ቤት ዜሮ በዜሮ ይጻፍበታል። የእኛም በር ላይ ሁልጊዜ የሚጻፈው ያ ነበር። አምና በጥቅምት ከገበያ ስመለስ ግን በቆርቆሮው በር ላይ አንድ በአንድ ተጽፎ አገኘሁ።

ቤት ሰው አልነበረም። ልጄና ሚስቱ ሥራ ላይ ነበሩ። በሩን ቆልፌ ነበር የወጣሁት፤ ስመለስም ቁልፉ እንደነበረ ነው። ሴቶቹ ተሳስተዋል ብዬ ገባሁ። ጽሑፉን አላጠፋሁትም። ሠላሳ ዓመት ያህል በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ሌላ ሰው የጻፈውን በገዛ እጄ መሰረዝ አልለመድኩም።

የምንኖረው ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሦስት ነን። እኔ፣ ልጄና የልጄ ሚስት። ምራቴ የወሎ ልጅ ናት። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለመማር መጥታ ለማስተማር ቀረች። ትግርኛ ለምዳለች፤ ቤት ውስጥ ግን ለእሷ ብለን አማርኛ እናወራለን። የእኔ አማርኛ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ስለሆነ ትስቅብኛለች። «አደይ፣ የእርስዎ አማርኛ እኮ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው የጎደለው» ትለኛለች። አደይ ማለት እናቴ ማለት ነው። እኔም ጓለይ እላታለሁ፣ ልጄ ማለቴ ነው።

በጦርነቱ ከተማችን ተከቦ በነበረበት፣ በከበባው ጊዜ አርግዛ ነበር። በሰባት ወሯ ምጥ መጣባት፤ ልጁ አልተረፈም፤ እሷም ለጥቂት ነው የተረፈችው። ልጄ ያኔ ከተማው ውስጥ አልነበረም። ከወሊዱ በኋላ መድኃኒት ባለመኖሩ የያዛት ኢንፌክሽን ውስጥ ለውስጥ ጎድቷት ኖሮ፣ ሰላም ከሆነ በኋላ ሌላ ልጅ እንቢ አለ። ሐኪሙ ቱቦዎቿ ተዘግተዋል አላት። ጽንሱ ከማሕፀን ውጪ ተዋህዶ የሚመለስበት ሕክምና አለ፣ ለዚያ ግን አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል አላት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ስለነበር ይህን ዓመት እንዳታሳልፈውም ነገራት።

ደረሰኞቹን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም። የአልትራሳውንዱን፣ የደም ምርመራውን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከእንቁላሉ ጎን የምናስቀምጠውን መርፌ ደረሰኝ፣ ሁሉንም በቀኑ ተራ ቁጥር እየሰጠሁ በፋይል አሠርኩ። ልጄ የሚሠራበት ድርጅት ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ የሕክምና ኢንሹራንስ ገብቶ ስለነበር፣ ሃያ ሦስቱን ደረሰኝ ኮፒ አስደርጌ እራሴ ሓወልቲ ሰፈር ወዳለው የኢንሹራንሱ ቢሮ ወሰድኩ። በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። የመካንነት ሕክምና በውሉ አይሸፈንም ይላል። በዚያው ፖስታ ውስጥ የእኔ የጨጓራ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ እንደተከፈለ የሚገልጽ ወረቀት ነበር።

ልጄ ሁለቱን ወረቀት አየና፣ «ማማ፣ አንቺ ነሽ የምታዋጪን» አለኝ። «ትንሽ ጠንከር አድርገሽ ብትታመሚ አዲስ አበባ ደርሰን እንመለስ ነበር።»

«የእናትህን ጨጓራ ተዋት» አለችው ሚስቱ።

«እሺ። ሐኪሙን ሌላ በሽታ ጻፍልን ብንለውስ? ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቁስለት ቢልልን ይከፍላሉ።»

«የሌለብኝን ካርዴ ላይ አስጽፌ፣ ነገ አዲስ አበባ ያን አንብበው የሌለብኝን ቢያክሙኝስ?» አለች። «ወረቀት ላይ የገባ ነገር አይወጣም። እየቆየ እውነት ይሆናል።»

እኔ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

የነበረን ተስፋ የእሷ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች መረዳጃ ነበር። ልጅ ለሌላቸው ባልና ሚስት ለእንዲህ ዓይነት ሕክምና የወጪውን ግማሽ አንድ ጊዜ ይሰጣል። ሌላውን ግማሽ ልጄ ሊበደር ተስማምቷል፤ ከግማሹ በላይ ግን የሚያበድረው አልነበረም። መረዳጃው የሚጠይቀው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ባልና ሚስቱ ልጅ እንደሌላቸው የሚገልጽ፣ ከቀበሌ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዐርብ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሦስት ወር አይሰበሰብም። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ደግሞ የሰጧት ቀጠሮ ለቀጣዩ ወር ነበር።

«ደብዳቤውን እኔ አመጣዋለሁ» አልኩ። «የወረቀት ነገር አውቃለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄድኩ። የምትመዘግበው ልጅ ታውቀኛለች፤ የተማረችው ከልጄ ጋር ነው። ወንበር ሰጠችኝና ትልቁን የቤተሰብ መዝገብ ገለጠች። በጣቷ ወረደች፤ ቆመች።

«አደይ፣ እዚህ ልጅ አለ እኮ» አለችኝ።

«የት?»

«አራተኛው ተራ ላይ። ወንድ። አራት ዓመቱ።» ቀና ብላ ፈገግ አለች። «ለመዋዕለ ሕፃናት ዝርዝርም ዘንድሮ ልከነዋል። ደኅና ነው?»

መዝገቡን ወደ እኔ እንድታዞረው ጠየቅኋት። ከስሙ ቦታ «ሕፃን» ይላል። የዕድሜው ዓምድ በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ተፍቆ እንደገና የተጻፈበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቷል። ዜሮው ከአንዱ ሥር፣ አንዱ ከሁለቱ ሥር ይታያል። የእኔን ተራ አየሁ። ዕድሜዬ በተመዘገብኩበት ዓመት እንደቆመ ነው። የልጄም የምራቴም እንደዚያው። ከአራታችን ያደገው አራተኛው ብቻ ነበር።

«የሕፃናቱን ብቻ ነው በየመስከረሙ እዚሁ ተቀምጠን አንድ እየጨመርን የምናድሰው» አለች ልጅቱ፣ ዓይኔን ተከትላ። «ለክትባትና ለትምህርት ቤት ስለሚፈለግ ነው። ትልቅ ሰው ያው ነው ብለን እንተወዋለን።»

ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። እቤት እስክደርስ ማንም ሰላም ያለኝ አይመስለኝም፤ ያለኝም ካለ አልሰማሁም።

ያን ልጅ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ።

በከበባው ጊዜ ባንክ ተዘግቶ ደመወዝም ጡረታም አልነበረም። አልፎ አልፎ የርዳታ ስንዴ ሲመጣ በሰው ቁጥር ይሰፈራል። የሰፈሩን ሰው የሚመዘግብ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ስንት ናችሁ አለኝ። ምራቴ ስድስት ወሯ ነበር። ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ቀን ቀን መነሣት ከብዷት ነበር። ከከተማ ርቆ የነበረውን ልጄንም ቆጥሬ አራት አልኩት። የአራተኛው ስም ሲለኝ ገና አልተጠመቀም አልኩት። ይህ ውሸት አልነበረም። ወንድ ነው ሴት አለኝ። ወንድ አልኩት። ለምን ወንድ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ሰውየው «ሕፃን፣ ወንድ፣ ዜሮ» ብሎ ጻፈ። የተወለደ መስሎት ነው፤ እኔም አላረምኩትም።

ስንዴው ሲመጣ ወረፋ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ልጁ ከሞተ በኋላም የአራት ሰው ሰፈሩልኝ። ተቀበልኩ። በሚቀጥለውም ተቀበልኩ። ሦስት ነን ለማለት አንዱ ሞቷል ማለት ነበረብኝ፤ ወረፋው ውስጥ ደግሞ ሁሉም የራሱን እያሰበ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው። ለልጄም ለምራቴም አልነገርኩም። በጦርነቱ የቀበሌው መዝገብ ስለጠፋ፣ በኋላ አዲሱ መዝገብ ሲከፈት ሰዉን የገለበጡት ከስንዴው ዝርዝር ነው። በእኛ ሰፈር ብዙ ስሕተት በዚያ መንገድ ገብቷል፤ የሞተ አባወራ ይኖራል፣ የተሰደደች ልጅ አለች ትባላለች። የእኛው ግን የገልባጭ ስሕተት አይደለም። ምንጩ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ተመለስኩና ለመዝጋቢዋ ሕፃኑ ያኔውኑ እንደሞተ ነገርኳት። አዘነች። ከዚያ የሚያስፈልገውን ነገረችኝ። ሞት የሚመዘገበው በሆስፒታል ወረቀት ወይም ሥርዓተ ቀብር ከተፈጸመበት ቤተ ክርስቲያን በሚመጣ ማስረጃ ነው። የሆስፒታሉ የዚያን ጊዜ ካርድ የለም፤ ጠይቀን እናውቃለን። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መዝገብ የሚይዙት ቄስ ሽማግሌ ናቸው፤ ሳልጨርስ ገባቸው።

«ክርስትና ተነሥቷል?»

«አልደረሰም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ በእኛ መዝገብ አይገኝም። ያልተጠመቀ ከቅጥሩ ውስጥ አይቀበርም፤ አይጻፍምም። ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ከቅጥሩ ውጪ፣ በምዕራብ በኩል፣ ቁልቋሉ ሥር ነው። ጎረቤታችን የሆነ ግንበኛ ሽማግሌ ነው የቆፈረልኝ። እኔ ይዤ ቆሜ ነበር። ከእጅ ላይ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ምራቴ አላየችውም። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ለእናት አይታይም፣ ወንድ ይሁን ሴት አይነገራትም፤ ካላወቀችው አታለቅስለትም ይባላል። አዋላጇ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። ግንበኛውም አልጠየቀም።

ቄሱ ያሉትን ለመዝጋቢዋ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስለዚህ መሞቱን የሚያስረዳ የለም፤ መወለዱን የሚያስረዳም የለም። መዝገቡ ላይ ግን አለ» አለች። ትንሽ አሰበች። «ሦስት ምስክር ካመጡ በቃለ ጉባኤ እዘጋዋለሁ። ከሦስቱ አንዷ ግን እናቲቱ መሆን አለባት።»

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ለምራቴ ነገርኳት። ልጄ ሥራ ላይ ነበር፤ ለእሱ በኋላ ራሷ ነገረችው። ፈተና እያረመች ነበር። አንዱንም አልደበቅኳት፤ የስንዴውንም ጭምር። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቀዩን እስክሪብቶ ክዳኑን ገጠመችው።

«እስከ መቼ ሰፈሩልን?» አለችኝ።

«ርዳታው እስኪቆም።»

«እኔም በልቻለሁ ማለት ነው።»

«ሁላችንም።»

ወረቀቶቹን ሰብስባ አስተካከለች። ከዚያ፣ «በር ላይ የተጻፈው በዚህ ነዋ» አለችኝ። ለካ እሷም አይታው ኖሯል። አይታው አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

«ከዝርዝር ገልብጠው ይሆናል» አልኩ።

«እኔ ደግሞ አንዱ ሕፃን እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ስወጣ ስገባ አየው ነበር።» ማታ እንደወትሮዋ ራት አቀረበች፤ ሦስት ሰሐን።

ሐሙስ ጠዋት ከግንበኛው ጋር ሦስት ሆነን ሄድን። ሽማግሌው ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ መንገዱን በሙሉ ስለ አስፋልቱ ጉድጓድ ሲያወራ ነበር፤ ለእሷ ብሎ እንደሆነ ገባኝ። ቀበሌው ስንደርስ የአስፋልቱን ነገር ትቶ ኮፍያውን አወለቀ።

መዝጋቢዋ የእኔን ቃል ጻፈች፣ የእሱን ጻፈች። ሽማግሌው ያለው ይህን ብቻ ነው፤ «የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ክንዴን አያክልም ነበር።» ከዚያ ወደ ምራቴ ዞራ፣ «እናት አንቺ ነሽ? ሞቶ ነው የተወለደው?» አለቻት።

«አላየሁም። ሞቷል ብለውኛል።»

መዝጋቢዋ ጻፈች። አራተኛውን ተራ ገለጠችና በቀይ ልትሰርዘው ማስመሪያዋን አስተካከለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ «ሕፃን፣ ወንድ፣ ዕድሜ አራት።»

«ሴት ናት» አልኩ።

ልናገረው አላሰብኩም ነበር። ሠላሳ ዓመት የተሳሳተ ነገር ሲነበብ ሰምቼ ዝም ብዬ አላውቅም፤ አፌ ቀደመኝ። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞረ። ምራቴ እኔን አላየችኝም፤ መዝገቡን ነው ያየችው።

«እዚህ ወንድ ይላል፣ አደይ» አለች መዝጋቢዋ።

«እኔ ነኝ በስሕተት ያስመዘገብኩት። ሴት ናት።»

«ግድ የለም፣ ያው ይሰረዛል።»

ምራቴ እጇን በማስመሪያው ላይ አደረገች። ቀስ ብላ ነው፤ መዝጋቢዋም አልተቆጣችም። «መጀመሪያ አርሚው፤ ከዚያ ሰርዢው» አለቻት።

«የሚሰረዝ ነገር ምን ያሳርመዋል፣ እኅቴ?»

ምራቴ እጇን አላነሣችም። «ደንቡ እንደዚያ ነው» አልኩ። «የተሳሳተ መረጃ ሳይታረም አይዘጋም። ኋላ ኦዲት ሲመጣ ያስጠይቅሻል።»

እንደዚህ ያለ ደንብ የለም። መዝጋቢዋ ግን የእኔን ሠላሳ ዓመት ታውቃለችና አመነችኝ። ወንድ የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዛ ከላዩ ሴት ብላ ጻፈች፣ ፈረመችበት፣ ማኅተም አደረገችበት። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅን። ምራቴ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ከዚያ እጇን አነሣች፤ መዝጋቢዋም ቀዩን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰመረች። ደብዳቤውን እዚያው ቆመን ጻፈችልን። ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውም ይላል።

ስንመለስ በር ላይ ስንደርስ ምራቴ ቆመች። ጠመኔው ደብዝዟል፤ ይነበባል ግን። እንድታጠፋው ጠብቄ ነበር። «ሴት መሆኗን እነዚህ የጠብታ ሴቶች ያውቁ ነበር?» አለችኝ። የለም፣ ከዝርዝሩ ላይ ወንድ ነው የሚለው አልኳት። ገባች።

ኮሚቴው ዐርብ ተቀበለው። ግማሹ ተከፈለ፤ በተሰጣት ቀጠሮ ከባሏ ጋር ሄደች። የመጀመሪያው አልያዘም። መረዳጃው ሁለት ጊዜ ስለማይሰጥ ሐኪሞቹ በቅዝቃዜ ላቆዩአቸው ቀሪ ጽንሶች ልጄ አሮጌ መኪናውን ሸጠ። አሁን በእግሩ ይሄዳል፤ ሰፈራችን ሁሉም በእግሩ የሚሄድበት ስለሆነ አይታወቅበትም። የደረሰኙ ቁጥር ስልሳ አንድ ደርሷል።

እነሱ ለሁለተኛው አዲስ አበባ በነበሩበት ሳምንት የጠብታዎቹ ሴቶች መጡ። የበረዶ ሣጥኑን የተሸከመችው ሁልጊዜ በሰፈራችን የምትዞረዋ ነበረች። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኩ። ዝርዝሯን አየች፤ አሁን የእኛ ቤት የለበትም። እንግዲያ ዜሮ በዜሮ ልትጽፍ ጠመኔዋን ስታወጣ ጠየቅኋት።

«በጥቅምት እዚህ ቤት ለማን ነው የሰጠሽው? ከዝርዝር ገልብጠሽ ነው?»

«ከዝርዝር አንገለብጥም፣ አደይ። ጠብታ ሳንሰጥ አንጽፍም» አለችኝ፤ ቅር ያላት መሰለኝ። «ለልጅቱ ነው የሰጠኋት።»

«ለየትኛዋ ልጅ?»

«በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ነቻ። ዝርዝሩ ወንድ ስለሚል ግራ ገብቶኝ የዚህ ቤት ልጅ ነሽ ወይ አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። ጠብታው መርሯት ፊቷን አጨማደደች።»

«ስንት ዓመት ትሆናለች?»

«ሦስት። ቢበዛ አራት።»

የጎረቤት ልጅ ትሆናለች አልኳት። እሷም ትሆናለች አለች። ዜሮ በዜሮውን ከአሮጌው ሥር ጻፈችና ወደሚቀጥለው በር ሄደች። በእኛ መንገድ ላይ የዚያ ዕድሜ ሴት ልጅ ያለው ቤት የለም። በሩን ለመቆለፍ ቁልፉን አውጥቼ ነበር፤ ሳልቆልፍ ገባሁ። ያን ቀን ገርበብ ብሎ ዋለ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለምራቴም እስካሁን አልነገርኳትም።

ሁለተኛው ያዘ። በመስከረም መዝጋቢዋ የሕፃናቱን ዕድሜ ዘንድሮ ቢሮ ተቀምጣ ሳይሆን ቤት ለቤት እየዞረች ስታድስ ምራቴ አራተኛ ወሯን ጨርሳ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። መዝጋቢዋ አየቻትና ወደ እኔ ፈገግ አለች።

«ስንት ናችሁ ልበል፣ አደይ? አራት?»

ምራቴ የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ትታ መልሴን ጠበቀች።

«ሦስት» አልኳት። «ጻፊ። ሦስት ነን።»